ግልገል ፓይቶን በየቀኑ ቢያዝ ይለምዳል? ክሩና 19ኙ ምላሾች

መነሻ ጽሑፍ

ክሩ በኢንተርኔት መድረክ ላይ በአንድ ጽሑፍ ሥር የተከታተለ የምላሽ ሰንሰለት ነው። ጠያቂው የጻፈው በጥያቄ ምልክት ይለቅ እንጂ አቋም ነው። ሁለት ወር ገደማ የሆነው ንጉሣዊ ፓይቶን፣ ሲደነግጥ እንደ ኳስ ስለሚጠቀለል ቦል ፓይቶን የሚባለው እባብ፣ ቤት ከገባበት ቀን ጀምሮ መያዝ አለበት ይላል። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት እጅ ላይ ከዋለ ሰው ይለምዳል። ምግቡም ከሚኖርበት ሣጥን ወጥቶ በሌላ ካርቶን ውስጥ ይሰጠው፤ አለዚያ ክዳን በተከፈተ ቁጥር ምግብ የመጣ እየመሰለው እጅ ይነክሳል። ይህን ሁሉ በእርግጠኝነት ከደረደረ በኋላ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ አንዲት መስመር ጣል አድርጓል፦ እባቡ ከመጣ 10 ቀኑ ነው፣ ሁለት ጊዜ የቀረበለትን ምግብ አልነካም፣ ሣጥኑ ሲከፈትም አንገቱን አጥፎ ያፏጫል። ከዚያ በኋላ የተጻፈው ሁሉ ማለት ይቻላል የዞረው በዚህች መስመር ዙሪያ ነው።

1ኛ ምላሽ

እርስዎ እያለ በትሕትና የሚጠይቅ ሰው ነው። ምክር ከመስጠቱ በፊት የሞቃቱን ጥግ የወለል ሙቀትና የተለካበትን መሣሪያ፣ የቀዝቃዛውን ጥግ ሙቀት፣ እርጥበቱን፣ የእባቡን ክብደት በግራምና ቀድሞ ይበላው የነበረውን ምግብ ማወቅ ይፈልጋል። የመጨረሻዋ ጥያቄ የዋዛ አይደለችም። የሚንቀሳቀስ የአይጥ ግልገል እየበላ የቆየ እባብ ሞቶ የቀረበለትን አይጠመጎጥ ምግብ መሆኑን ላያውቀው ይችላል። ሽታውም ቅርጹም እንግዳ ነው።

2ኛ ምላሽ

ጠያቂውን ይደግፋል። ግልገል በእጅ ካልተለመደ ሲያድግ አስቸጋሪ እንደሚሆን፣ የሚያፏጭ እባብ ሳይፈሩት ቢያዝ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደሚረጋጋ ይናገራል። ማስረጃ አላቀረበም። ግማሽ ሰዓት ያንሳል ሲል ግን ከጠያቂውም አልፎ ሄዷል።

3ኛ ምላሽ

ክሩን ያቀናው ይህ ነው። ከእንቁላሉ በወጣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያለ ፓይቶን በዱር ቢሆን የወፍ፣ የትንንሽ አውሬ፣ የሌላ እባብም ሲሳይ እንደሆነ ያስታውሳል። ከላይ የሚወርድ እጅ ለእሱ የአሞራ ጥፍር ነው። ስለዚህ እጅ ላይ ደርቆ የሚቀመጥ ግልገል ለምዷል ማለት አይደለም፤ የሚሸሽበት አጥቶ በድን ሆኗል እንጂ። የለመደውን ከፈራው የሚለየው ምላሱ ነው። የተረጋጋ እባብ ምላሱን ዝግ ባለ ምት እያወጣ ይንቀሳቀሳል፤ የፈራ ግን ወይ ምላሱን ጨርሶ አያወጣም፣ ወይ ራሱን በጥቅልሉ ውስጥ ይቀብራል፣ ወይ ትንፋሹ ከጎኑ እስኪታይ ይፈጥናል።

ቅደም ተከተሉንም በግልጽ አስቀምጧል። ቤት ከገባ በኋላ ለ7 ቀን ውኃ ከመቀየርና ቆሻሻ ከማንሳት በስተቀር ሣጥኑ አይነካም። በ7ኛው ቀን ምግብ ይቀርባል። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ እስኪበላ መያዝ የለም። ከዚያ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በአንድ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ። ከበላ በኋላ ቢያንስ 48 ሰዓት ይተዋል። ዓይኑ ከደፈረሰና ቆዳው ከደበዘዘ፣ ማለትም ቆዳ ሊጥል ከሆነ፣ ጥሎ እስኪጨርስ አይነካም፤ ያን ጊዜ በደንብ ስለማያይ የመጣበትን ሁሉ ጠላት ያደርገዋል።

አያያዙን ደግሞ እንዲህ ይገልጻል። እጅ የሚገባው ከጎን ነው። መጀመሪያ የተጠቀለለ ወረቀት ወይም ቀጭን ዘንግ የእባቡን ወገብ ቀስ ብሎ ይነካል፤ የመጣው ምግብ አለመሆኑን የሚነግረው ይህ ንክኪ ነው። ከዚያ ከሰውነቱ አጋማሽ በታች በሁለት እጅ ይነሣል። ራሱና አንገቱ ነጻ ይሁኑ፤ አንገት ጨብጦ መያዝ ለሐኪም ምርመራ እንጂ ለማላመድ አይሆንም። ሲሄድ አንድ እጅ ከፊቱ እየቀደመ መንገድ ይሆነዋል። መጥበቅ አያስፈልግም፣ ጅራቱ መንጠልጠል ግን የለበትም።

4ኛ ምላሽ

አጭርና ደረቅ። ስለ ካርቶኑ ብቻ ነው የሚናገረው። እባብ ምግብን የሚያውቀው በማሽተትና በከንፈሩ ላይ ባሉ ሙቀት ለይ ጉድጓዶች እንጂ በሣጥን ግድግዳ አይደለም። ወደ ካርቶን ሲወሰድ ይደነግጣል፣ የደነገጠ ግልገል ደግሞ አይበላም። ቢበላ እንኳ ገና የማደን ስሜቱ ሳይበርድ ሆዱ ሞልቶ በእጅ ተነሥቶ ይመለሳል፤ መነከስም የዋጠውን መትፋትም የሚመጣው በዚያች ሰዓት ነው። ሊከላከለው የፈለገውን ነገር ራሱ ካርቶኑ እንደሚያመጣው ለጠያቂው ነግሮት ወጥቷል።

5ኛ እና 6ኛ ምላሽ

ሁለተኛው መላሽ ተመለሰ። በካርቶን የሚበሉ እባቦች ሞልተዋልና 4ኛው ያጋነናል ባይ ነው። 6ኛው ላይ ነገሩ መረረ። እርስዎ የነበረው አንተ ሆነ፤ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ተተረተ፤ እባብ ካርቶኑን ችሎ መብላቱ የካርቶኑን ትክክለኛነት እንደማያሳይ፣ ለማንኛውም የሚበላ ጠንካራ እባብ መሆኑን ብቻ እንደሚያሳይ ተነገረው። ፍሬ ነገሩ ልክ ነው፣ አነጋገሩ ግን 2ኛውን ከክሩ አስወጥቶታል። ዳግመኛ አልጻፈም።

7ኛ ምላሽ

ስድስተኛውን ገሥጾ ወደ እርስዎ እንዲመለስ ይለምናል፤ ጠያቂውንም 1ኛው ለጠየቀው መልስ እንዲሰጥ ያሳስባል።

8ኛ ምላሽ፣ የጠያቂው

ቁጥሮቹ መጡ። ክብደት 92 ግራም። ሣጥኑ 90 በ45 ሴንቲ ሜትር የሆነ መስታወት፣ ክዳኑ ወንፊት። ከሥሩ የማሞቂያ ምንጣፍ አለ፣ ሙቀቱን የሚቆጣጠረው መሣሪያ፣ ቴርሞስታት፣ ግን የለም፤ የመስታወቱ ወለል ሲለካ 39 ዲግሪ። መደበቂያው አንድ ሲሆን መሐል ላይ ተቀምጧል። እርጥበቱ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ባለ ዘንግ መለኪያ 40 በመቶ። ጉዝጓዙ ጋዜጣ ነው። ምግቡ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ የቀለጠ አይጥ ሲሆን በሳህን ይቀመጥለታል። በ10 ቀን ውስጥ ስምንት ጊዜ ተይዟል። ከዚህ በኋላ የመጡት መላሾች እባቡን ሳይሆን ቤቱን ነው ያከሙት።

9ኛ ምላሽ

በ39 ዲግሪው ጀመረ፣ ደግሞም ደነገጠ። ፓይቶን በሆዱ በኩል የሚመጣ ሙቀት ሲያቃጥለው ፈጥኖ አይሸሽም። ሙቀት ፍለጋ ተኝቶበት ይቆያል፣ ቃጠሎው የሚታየው ከቀናት በኋላ የሆዱ ቅርፊት ሲቀላ ወይም ሲያብጥ ነው። ስለዚህ ቴርሞስታት እስኪገዛ ምንጣፉ ዛሬውኑ ይነቀል፤ ክፍሉ ከ24 ዲግሪ በታች ካልወረደ ለጥቂት ቀን ያለ ምንጣፍ መቆየቱ ከቃጠሎው ይሻላል።

ቴርሞስታቱ ሲመጣ የመለኪያው ጫፍ የት እንደሚቀመጥ ብዙ ሰው ይስታል። አየር ላይ ከተንጠለጠለ አየሩ እስኪሞቅ ምንጣፉ ያለ ማቋረጥ ይሠራል፣ ወለሉም ይነዳል። ጉዝጓዙ ላይ ከተቀመጠ ደግሞ እባቡ ይገፋዋል፣ ወይም ይሸናበታል፣ የረጠበ ጫፍም ቀዝቃዛ እያነበበ ምንጣፉን ያግለዋል። ትክክለኛው ቦታ በምንጣፉና በመስታወቱ መካከል፣ በማይላቀቅ ፕላስተር ተይዞ ነው። ከዚያ ከውስጥ በኩል፣ ጉዝጓዙ ተገልጦ፣ ወለሉ በሌላ መለኪያ ይለካል፤ 31 ወይም 32 እስኪያሳይ ድረስ ቴርሞስታቱ ከፍ ዝቅ ይደረጋል። ቴርሞስታቱ ላይ የሚጻፈውና እባቡ የሚተኛበት ቁጥር አንድ አይሆኑም። ምንጣፉ የሚይዘው የወለሉን ሲሶ ብቻ ነው፤ የቀዝቃዛው ጥግ ከ25 እስከ 27 ይሁን።

መደበቂያውን በተመለከተ መሐል ላይ ያለ አንድ መደበቂያ እባቡን በሙቀትና በደኅንነት መካከል እንዲመርጥ ያስገድደዋል፣ ግልገል ደግሞ ሁልጊዜ ደኅንነትን ስለሚመርጥ ሳይሞቀው ይኖራል ይላል። ያልሞቀው ሆድ አይፈጭም። ሁለት ተመሳሳይ መደበቂያ ይቀመጥ፣ አንዱ በሞቃቱ አንዱ በቀዝቃዛው ጥግ፣ መግቢያቸው አንድ ሆኖ የተጠቀለለው እባብ ጀርባውና ጎኑ ግድግዳ እስኪነካ የጠበበ። የተገለበጠ የፕላስቲክ ጎድጓዳ ሳህን በጎኑ ተበስቶ ጠርዙ ከለሰለሰ ይበቃል።

10ኛ እና 11ኛ ምላሽ

እዚህ ላይ ሁለት ልምድ ያላቸው ሰዎች ተጋጩ። 10ኛው መስታወቱ ለ92 ግራም እባብ ሜዳ ነውና ክዳኑ በሚቆለፍ፣ ጎኑ በተበሳ የ15 ሊትር ፕላስቲክ ሣጥን እንዲተካ ይመክራል። 11ኛው እባቡን የሚያስፈራው ስፋቱ ሳይሆን ባዶነቱ ነው ብሎ ተከራክሯል። ሦስቱ የመስታወት ጎኖች ከውጭ በወረቀት ይሸፈኑ፤ ወለሉ በሰው ሠራሽ ቅጠል፣ በቡሽና በቅርንጫፍ ይሞላ፤ ከአንዱ መደበቂያ ወደ ሌላው ሳይታይ መሄድ ይቻል። ትንሹ ሣጥን ለማይበላ ግልገል ፈጥኖ እንደሚሠራ 11ኛውም አልካደም። ከ10ኛው የተለየው መድኃኒት እንጂ መኖሪያ አይሁን ሲል ነው፤ ያደገ ፓይቶን ቢያንስ 120 በ60 ሴንቲ ሜትር ቦታ ይፈልጋልና። እንደ ክርክር የክሩ ምርጥ ክፍል ይህ ነበር፤ ሁለቱም አልተሳደቡም።

በዚያው 11ኛው እርጥበቱንም ነክቷል። 40 በመቶ ለዚህ ዝርያ ድርቅ ነው፤ ከ60 እስከ 80 መሆን አለበት። ወንፊቱ ክዳን ሦስት አራተኛው በአሉሚኒየም ወረቀት ይሸፈን፤ ጋዜጣው ተነሥቶ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል የኮኮናት ቃጫ ይጎዝጎዝ፤ ውኃው በጥግ በኩል ወደ ታችኛው ንጣፍ ይፍሰስ እንጂ ከላይ አይረጭ። ላዩ ረጥቦ ከዋለ የሆዱ ቅርፊት ይበሰብሳል። የጥድና የዝግባ ፍቅፋቂ ሽታው ሳንባውን ስለሚጎዳ አይገባም። ባለ ዘንጉ መለኪያም ቢጣል አይቆጭም፤ ዲጂታል ይሻላል።

12ኛ ምላሽ

አመጋገብ። 92 ግራም ለሚመዝን ግልገል የአንድ ጊዜ ምግብ ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ፣ ማለትም ከ9 እስከ 14 ግራም ነው፤ ፀጉር ማብቀል የጀመረ የአይጠመጎጥ ግልገል ወይም ዓይኑን የገለጠ ትንሽ አይጥ። ውፍረቱ ከእባቡ ወፍራሙ ወገብ ብዙም አይበልጥ። የሚሰጠው በየ5 ወይም 7 ቀኑ ነው። ከበረዶ ማስቀመጫው ወጥቶ ሌሊቱን በማቀዝቀዣው ታችኛ ክፍል ይቀልጣል፤ ከዚያ በፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ ሞቅ ባለ ውኃ ውስጥ ይነከራል፣ ላዩ 38 ዲግሪ እስኪደርስ። ይደርቃል። ማታ፣ መብራት ከጠፋ በኋላ፣ በረጅም ወረንጦ ከጀርባው ወይም ከወገቡ ተይዞ ከመደበቂያው አፍ ፊት በቀስታ ይንቀሳቀሳል። ፊቱ ላይ አይገፋ፤ የሚያሳድደው ምግብ ለግልገል ጠላት ነው። ካልመታ በመደበቂያው በር ላይ ትቶ መውጣት፣ ጠዋት ካልተበላ መጣል። ዳግመኛ መሞከር ከ5 እስከ 7 ቀን በኋላ እንጂ በማግስቱ አይደለም። በሳህን የተቀመጠ ቀዝቃዛ አይጥ ግን ለእባቡ የማይታይ ነገር ነው፤ ሙቀት የለውማ።

13ኛ ምላሽ

አስራ ሁለተኛውን ያርማል፦ ሞቅ ያለ ሲል ስንት እንደሆነ መናገር ነበረበት። የፈላ ውኃ የአይጡን ሆድ ያበስላል፣ ሲዋጥም ይፈነዳል። ማይክሮዌቭ ከዚያ የባሰ ነው፤ ውጭው ለብ ሲል ውስጡ ይቃጠላል። ከ45 ዲግሪ የማያልፍ ውኃ ይበቃል፤ የአይጡ ጭንቅላት ብቻ እንዲሞቅ ከተፈለገ የፀጉር ማድረቂያ ለጥቂት ሰኮንድ። ሕያው አይጥ ጥሎ መሄድንም አጥብቆ ያወግዛል፦ ያልተራበ እባብ አይጥ ሲያኝከው እንኳ ራሱን ላይከላከል ይችላል።

14ኛ ምላሽ

ስለ ንክሻ። የዚህ መጠን ፓይቶን ንክሻ የመርፌ ጫፍ ያህል ነው፣ መርዝም የለውም። ጉዳቱን የሚያከፋው እጅን መንጠቅ ነው፤ ጥርሶቹ ወደ ኋላ ስለተቆለመሙ ቆዳን ይቀዳሉ፣ ተሰብረውም ይቀራሉ። መትቶ ወዲያው የሚለቅ የፈራ ነው። ነክሶ የሚጠመጠም ግን እጁን ምግብ ያደረገ ነው፣ ብዙ ጊዜም አይጥ ነክቶ ያልታጠበ እጅ ነው ጥፋተኛው። ቢይዝ ሳይንቀሳቀሱ መቆየት፤ ካልለቀቀ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ፣ ከጅራቱ በኩል መፍታት። ቁስሉ በሳሙና ይታጠባል። ባይነክስም ከእያንዳንዱ መያዝ በኋላ እጅ ይታጠብ፣ ተሳቢ እንስሳት ሳልሞኔላ የተባለውን ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያ ይይዛሉና። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ባይነኩት ይመረጣል።

15ኛ እና 16ኛ ምላሽ

ክሩ እዚህ መንገድ ሳተ። 15ኛው ይህ ሁሉ ጣጣ ከሆነ የማይፈራውንና ሆዳሙን የበርማ ፓይቶን ግልገል መግዛት አይሻልም ወይ ብሎ ጠየቀ። 16ኛው ትዕግሥት አልነበረውም። ያ ግልገል ሲፈለፈል 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በደንብ ከበላ በሁለት ዓመት 3 ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ሙሉ እድገቱ 5 ሜትር ሊሆን ይችላል። 3 ሜትር ያለፈ እባብ አንድ ሰው ብቻውን ሊመግበውም ሊይዘውም አይገባም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ አገር እንዳይገባ የከለከለችው በፍሎሪዳ ኤቨርግሌድስ ረግረግ ከተራባ በኋላ እንደሆነ፣ ለዚያ መነሻውም ከሰው እጅ የወጡ እባቦች እንደነበሩ አስታወሰው። ቁጣው ተገቢ ነበር፣ ሰነፍ ማለቱ ግን አያስፈልግም ነበር።

17ኛ ምላሽ

ስለ ስም። የ92 ግራም ፍጥረት ዘንዶ ይባላል ወይ? መላሹ አይባልም ይላል፤ ዘንዶ ሲባል ሰው ፍየል የሚውጠውን ትልቁን የአፍሪካ ፓይቶን ነው የሚያስበው፣ ቤተሰብም በስሙ ብቻ ይሸበራል። ዕድሜውን ግን ማንም እንዳይንቅ ያሳስባል፦ በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ የእንስሳት ማቆያ የነበረች ንጉሣዊ ፓይቶን እ.ኤ.አ. በ2020 ሰባት እንቁላል ስትጥል ዕድሜዋ ቢያንስ 62 ዓመት እንደሚሆን ተገምቷል። በሰው ቤት 20 እና 30 ዓመት መኖር የተለመደ ነው። ከርዕስ የወጣ ምላሽ ቢሆንም ከብዙዎቹ ይልቅ ገዢን የሚያሳስብ ይህ ነው።

18ኛ ምላሽ

ጠያቂው ተመልሶ በጨዋነት አመሰገነ። ቴርሞስታት ገብቷል፣ ወለሉ 31.5 ያሳያል፤ ሁለተኛው መደበቂያ ተቀምጧል፣ መስታወቱ ተሸፍኗል፣ እርጥበቱ 65 ደርሷል። ሣጥኑ ለአራት ቀን አልተነካም። እባብ ያየ በልጥ በረየ የሚባለው ለሰው ነበር፣ እዚህ ቤት ግን በልጡ የሚበረየው እባቡ ሆነ ሲል ቀልዷል። ገና አልበላም፤ ስንት ቀን መጠበቅ እንዳለበት፣ በግድ ማጉረስ ይቻል እንደሆነ ጠይቋል።

19ኛ ምላሽ

የመጀመሪያው መላሽ ነው የመለሰው፣ አሁንም እርስዎ እያለ። የሚቆጠረው ቀን ሳይሆን ግራም ነው፤ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ክዳን ባለው ቀላል ዕቃ ውስጥ ሆኖ በወጥ ቤት ሚዛን ይመዘን። ያደገ ንጉሣዊ ፓይቶን ወራት ሳይበላ ሊቆይ ይችላል፣ ግልገል ግን ያን ያህል ስንቅ የለውም። ከ83 ግራም በታች ከወረደ፣ ማለትም አሥር በመቶውን ካጣ፣ ተሳቢ እንስሳት ወደሚያክም ሐኪም ይወሰድ። በግድ ማጉረስ ጉሮሮ ስለሚያቆስልና ፍርሃቱን ስለሚያባብሰው ያለ ሐኪም አይሞከር። አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ፣ በአፍንጫው አረፋ የሚያወጣ፣ ሲተነፍስ የሚንቃጨል ከሆነ ሚዛን አይጠበቅም፣ በዚያው ቀን ይሄዳል። ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ የሚውል ከሆነ ደግሞ የዓይኑና የአገጩ ቅርፊት ሥር ጥቁር ነጥብ የምታህል ደም መጣጭ ተባይ መኖሯ ይፈተሽ። በልቶ ቢተፋ ከ10 እስከ 14 ቀን ሆዱ ይረፍ፤ ቀጣዩ ምግብ የቀድሞው ግማሽ ይሁን።

በመጨረሻም የቴርሞስታቱ ሽቦ በየት በኩል እንደገባ ጠይቋል። በክዳኑ ጠርዝ ከሆነ፣ ትንሿ ጣት በምታልፍበት ክፍተት ይህ እባብ ራሱን አስገብቶ መውጣቱ ስለማይቀር፣ ዛሬ ማታ ሳይመሽ በስፖንጅ ይደፈን፣ ክዳኑም በመያዣ ይቆለፍ ብሏል።